ከባህር ዳር እስከ ሲማዳ፤ ክሬኑን ዝም ያሰኙበት ጉዞ

ስሙኝ። ሻይ የያዛችሁ አስቀምጡት፣ ስልክ የምትጎረጉሩም ለአንድ አፍታ ኪሳችሁ ክተቱት። በተለይ እናንተ ጋይንትንና ሲማዳን አይታችሁ የማታውቁ፣ ለማየትም ሐሳብ የሌላችሁ የባህር ዳር ልጆች፣ ስሙኝ። እኔም እስካለፈው ግንቦት ድረስ ከእናንተ አንዱ ነበርኩ። ከሐይቁ ዳር ተነስቼ ወረታን ያለፍኩት አንዴ ለለቅሶ ነው፤ እሱንም ተኝቼ። አሁን ሄጄ፣ አይቼ፣ ተባርሬ መጥቻለሁ። ያየሁትን ሌሎች በማኅተም ሌላ አድርገው ስለጻፉት እኔ እንደ አፌ ልንገራችሁ። የተማርኩት ቴክኒክና ሙያ እስከ ሁለተኛ ዓመት ነው። ፊደል ብስት ፊደል ነው የሳትኩት፣ ነገሩን አልሳትኩም።

ሥራዬ ክሬን ላይ ነው። አልነዳም። ጭነቱን በሰንሰለት አስሬ መንጠቆው ላይ የማንጠለጥለው፣ ከዚያ ከታች ቆሜ በእጄ "ሳብ፣ ቀስ፣ ቁም" የምለው እኔ ነኝ። የሚነዳው ጋሽ ተካልኝ ነው። ጋሽ ተካልኝ ማለት ሆዱ ከመሪው ቀድሞ የሚደርስ፣ ሳቁ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ፣ ሚስቱን ከአምላኩ እኩል የሚፈራ ሰው ነው። አንድ ክፉ አመል አለው። ለአለቃ እምቢ ማለት አያውቅም። አለቃ አፉን ሳይከፍት እሱ "እሺ" ብሎ ጨርሷል።

ሰኞ

ጠዋት በጊዜ እንነሳለን ተባለ፤ የተነሳነው ምሳ ተበልቶ ነው። ያዘገየን ፎቶ ነው።

ድርጅታችን አዲስ መሣሪያ ገዝቷል። ክንድ የሚያህል ወፍራም ብረት፣ ከላይ አንድ ቀለበት፣ ከታች አንድ ቀለበት። በመንጠቆውና በጭነቱ መሃል ይገባል። ጭነቱ ሲንጠለጠል ክብደቱ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ እሱ ደግሞ የለካውን ያለ ምንም ሽቦ፣ በአየር፣ ጋቢና ውስጥ ለተለጠፈች ትንሽ ማያ ይልካል። ክሬኑ የሚችለው ከሆነ ማያዋ አረንጓዴ ትሆናለች። ዳር ዳር ሲል ቢጫ። ከአቅም በላይ ሲሆን ቀይ ትሆንና ትጮኻለች፤ ጩኸቷ ደግሞ ጥርስ ያሳክካል። በአጭሩ፣ አፍ ያለው ሚዛን በሉት።

ለጋሽ ተካልኝ ነፍስ ታስቦ የተገዛ እንዳይመስላችሁ። ሲማዳ ላይ ለምንሠራው ድልድይ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች "ይህ ከሌለ አንፈርምም" ስላሉ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ብረቱን እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎ ተነሳ። የሳይታችን ኃላፊ ኢንጂነር ብሩክ አጠገቡ ቆሞ ተነሳ። ጥበቃው ሳይቀር ተነሳ። ጋሽ ተካልኝን ግን "ፈቀቅ በል እስኪ፣ ጥላህ ገባ" አሉት። እሱም "እሺ" ብሎ ፈቀቅ አለ።

ኢንጂነር ብሩክ በዕድሜ ሁለት ዓመት ቢበልጠኝ ነው። መነጽሩ ግን አባቴ ይሆናል። መሣሪያውን የገጠመውን ቴክኒሻን፣

"ሽቦ የሌለው ነገር እንዴት ያውቃል?" አለው።

"ሞባይልህ ሽቦ አለው?"

"ሞባይል ሌላ ነው።"

እንዴት ሌላ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም። በፒካፑ ቀድሞን ሄደ። እኛ በክሬኑ ተከተልን። ክሬን በራሱ ጎማ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከወረታ በኋላ ዳገቱ ላይ አህያ ቀደመችን። አህያዋ ዘወር ብላ አየችን፣ እምላለሁ።

ደብረ ታቦር አደርን። የአልጋው ቤት ባለቤት ሴትዮ እኔን በባህር ዳር ቲሸርት አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"እንዲህ ሆነህ ነው ጉናን የምትሻገር? እናትህ አታውቅም?"

እኛ ጋ ግንቦት ማለት ላብ ነው። ሌሊቱን መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው። ሴትዮዋ ገብታ የባሏን ካፖርት ይዛ መጣች። "ስትመለስ ታመጣዋለህ" አለችኝ። ስሜን እንኳን አልጠየቀችኝም። ባህር ዳር ላይ ለማላውቀው ሰው ካፖርት ላውሰው ብል ቤተሰቤ ጸበል ይወስደኛል።

ማክሰኞ

ጉና ላይ ብርዱ ጥርሴን አንድ በአንድ እየጠራ አስነሳው። ጋሳይ ላይ ቆመን የተቀቀለ ድንች በላን፤ ትኩስ፣ በጨውና በሚጥሚጣ። ባህር ዳር ላይ ድንች የወጥ ማብዣ ነው። እዚያ ግን ድንች ራሱ ምግብ ነው፣ ኩራት አለው። ጋሽ ተካልኝ ስንት እንደበላ አልናገርም፤ ሚስቱ ይህን ታነባለች።

ንፋስ መውጫ የገባነው ከሰዓት ነው። ስሟን ያወጣላት ሰው አልዋሸም። እዚያ የነበረን ሥራ ቀላል ነው። አንድ የመብራት ትራንስፎርመር ከመኪና አውርዶ ማስቀመጥ። ትራንስፎርመሩ ሆዱ ላይ ክብደቱ የተጻፈበት ብረት ተለጥፎበታል። አሰርኩት። ጋሽ ተካልኝ አነሳው። ማያዋ ላይ የወጣው ቁጥርና ብረቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ሆነ። ኢንጂነር ብሩክ አጨበጨበ፣ በስልኩ ቪዲዮ ቀረጸ፣ "ቴክኖሎጂ!" እያለ ድምፁንም አስገባበት። ይህን ያዙልኝ። መሣሪያው እውነት እንደሚናገር በገዛ ዓይኑ አይቷል፣ በገዛ አፉ መስክሯል።

ሕዝቡ ዙሪያችንን ከበበ። አንድ ሰንጋ የሚጎትት ሰውዬ መጣና፣

"ይችን ብረት የሰቀልከው አንተ ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ሰንጋዬንም ስቀልልኝ። ነጋዴው ከስቷል ይለኛል።"

ከጀርባው ያለ ጓደኛው ጮኸበት። "አብደሃል? የሰንጋህን ክብደት ገበያ መሃል ልታስጮህ? ነገ በዓይን ያብጥና ትቀብረዋለህ!"

"በቀስታ ይነግረኛላ!"

"ይሄ? አፉን አታየውም? ጎጃሜ ነው፣ ሲናገር ደጀን ድረስ ይሰማል!"

ሰዉ ሳቀብኝ። እኔም፣ "ጎንደሬ ሚዛን የሚጠላው ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ጉራው ሲመዘን ይቀላል!" አልኳቸው። ሊመቱኝ ነው ስል ጭራሽ ወደዱኝ፤ ጎትተው ጠላ ቤት አስገቡኝ። ባለ ሰንጋው ሦስት ጣሳ ጋበዘኝ፤ ሰንጋውን ግን አልሰቀልኩለትም።

ረቡዕ

ከንፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት ቁልቁል ነው። ለካርታ ቁልቁል ነው፣ ለእኛ ግን ነፍስ መያዣ ነው። አንዱ እጥፋት ላይ የክሬኑ የኋላ ጎማ ቦይ ውስጥ ገባ። ኢንጂነር ብሩክ በፒካፑ ቀድሞ ስለሄደ አላየንም። ስልክ ደወልን፤ ኔትወርክ የለም። ጋሽ ተካልኝ ጎማውን ዞሮ አየና፣ "በቃ፣ እዚህ መሬት ተመርተን ገብስ እንዝራ" አለ።

እርሻ ላይ የነበሩ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ፈትተው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ድንጋይ ተሸክመው ቦዩን ሞሉት፣ እንጨት ቆርጠው ከጎማው ሥር ከተቱ፣ "በል ነካው! በል!" እያሉ ገፉን። ወጣን። ጋሽ ተካልኝ ኪሱ ሲገባ አንዱ ሽማግሌ እጁን ያዘው።

"ምን ልታወጣ ነው? አገዝናችሁ እንጂ ሸጥንላችሁ?"

ጭራሽ አስቀምጠው አበሉን። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ የባቄላ አሹቅ፣ ጠላ። "በሞቴ!" አሉ። ስበላ "አልበላህም" አሉ። ስጨርስ "ጠግቦ ነው ወይስ ንቆን?" አሉ። እኛ ጋ መኪና ቦይ ሲገባ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

ሽማግሌው በእጃቸው ማዶ እያሳዩ ቤተ ልሔም በዚያ በኩል መሆኑን ነገሩን። "ድጓ የተማረ ሁሉ መጥቶ የሚመሰክረው እዚያ ነው። እዚያ ካልተፈተነ አያስተምርም።" ቴክኒክና ሙያን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ሰው ስለሆንኩ ወሬውን ቶሎ ቀየርኩት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲማዳ ውስጥ የድልድዩ ቦታ ደረስን። ኢንጂነር ብሩክ ለራሱ ወገዳ ከተማ አልጋ ይዟል። ለእኛ? "እዛው ድንኳን አለ" ብሎ ነበር። ድንኳኑ እውነትም አለ፤ ግን ለእሑዱ ምረቃ የመጣ የእንግዶች ድንኳን ስለሆነ "እንዳይቆሽሽ" ብሎ ጥበቃው አላስገባንም። የወሰደችን እትዬ የሻረግ ናት። ቤቷ ከወንዙ በላይ ነው፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። መደቡን ለጋሽ ተካልኝ ለቀቀች፣ ለእኔ አዲስ አጎዛ አነጠፈች። ባሏን ወንዙ ወስዶታል። በክረምት ከገበያ ሲመለስ። ይህን ስትነግረን አላለቀሰችም፤ እንጀራ እየጨመረችልን ነው የነገረችን። ድልድዩን ለምን እንደምትፈልገው ከዚያ በኋላ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግሁም።

ሐሙስ

ወንዙ ዳር ያሉት ቢሞች፣ ማለት ከዳር እስከ ዳር ተጋድመው ድልድዩን የሚሸከሙት የኮንክሪት ግንዶች፣ እዚያው ተሞልተው ደርቀው ይጠብቁናል። ወረቀቱ አንዱ ቢም ስምንት ቶን ነው ይላል። ስምንት ቶንን ክሬናችን ወንዙ መሃል ድረስ ዘርግቶ ማስቀመጥ ይችላል፤ ለጥቂት። ክሬን እንደ ሰው ነው። ውሃ የሞላ ባልዲ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ትይዛላችሁ፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት ስትባሉ ግን ትንቀጠቀጣላችሁ። ማያዋም የተሞላችው ለዚያ ለተዘረጋው ክንድ አቅም ነው።

አሰርኩ። መሣሪያውን መሃል አስገባሁ። እጄን አነሳሁ። ጋሽ ተካልኝ ሳበ። ሰንሰለቱ ተወጠረ፣ ቢሙ ገና ከመሬት ሲላቀቅ ማያዋ ቀይ ሆና ጮኸች። ሊያይ የመጣው ሕዝብ ወደ ኋላ ሸሸ። ጋሽ ተካልኝ ለቀቀው። ቁጥሩ አሥርን አልፏል።

ኢንጂነር ብሩክ ጋቢናው ላይ ተንጠላጥሎ ማያዋን በጥፊ መታት። እውነቴን ነው፣ በጥፊ።

"ድገመው።"

ደገመው። ቀይ።

"መሣሪያው ተበላሽቷል።"

"ትናንት ወዲያ ንፋስ መውጫ ላይ አጨብጭበህለት ነበር እኮ" አልኩት።

"ንፋስ መውጫ ሌላ ነው። እዚህ ኔትወርክ የለም።"

"በኔትወርክ አይደለም የሚሠራው፣ ከመንጠቆው ወደ ጋቢና ነው የሚልከው!"

"አንተ ኢንጂነር ነህ?"

የሰበካው መሪጌታ ጥበቡ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩ ነበር። ቀረብ አሉና፣ "ልጄ፣ ምንድን ነው ያጣላችሁ?" አሉኝ።

"ሽቦ ስለሌለው አላምነውም ይላል፣ አባቴ።"

መሪጌታ ወደ ኢንጂነሩ ዞረው በእርጋታ፣ "የማይታይ ነገር ማመን ካቃተህ ጠብህ ከእኛ ጋር ነው፤ እኛ በሌላ ነገር ኖረን አናውቅም። ግን ብረቱ የጮኸው ምን ብሎ ነው?" አሉት።

"ከብዷል እያለ ነው" አልኩ እኔ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ መቋሚያቸው ጫፍ መለሱ። ሁሉም እግሩን ማየት ጀመረ። በዚህ መሃል ዝናብ መጣና ሥራ ቆመ።

ነገሩ የወጣው ራት ላይ ነው፣ እትዬ የሻረግ ቤት። መሪጌታም መጥተዋል። ሴትዮዋ ጣሳዬን እየሞላች፣ "እውነት ከብዷል?" አለችኝ።

"በጣም።"

መሪጌታን አየቻቸው። "ይንገሩት እንጂ።"

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኮንክሪቱ የተሞላ ለት ኢንጂነሩ ስብሰባ አለኝ ብሎ ደብረ ታቦር ነበር። ፎርማኑ ብቻ ነው የነበረው። የአገራችን ወግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሰው ሁሉ ከእርሻው ድንጋይ ያመጣል። ያልጣለ ቤት ከበረከቱ ይጎድላል። ድልድይም የነፍስ ነው፣ አሻጋሪ ነው አልን። ሁሉም አንድ አንድ ድንጋይ አመጣ።"

"ቢሙ ውስጥ?"

"ውስጥ። ኮንክሪቱ የሚፈስበት የጣውላ ሳጥን ሞላ። ገና ሰው ተሰልፏል። አራስ ሴት ሳትቀር ልካለች፤ እንዴት ብለን እንመልሳት? ፎርማኑን ለምነን ሣንቃውን ከላይ አስረዘምነው። የተረፈው ሲሚንቶም ይባክን እንዴ፣ አፈሰስንበት።"

"በስንት አስረዘማችሁት?"

መሪጌታ አውራ ጣታቸውንና የመሃል ጣታቸውን ዘረጉ። ስንዝር። ከዳር እስከ ዳር ስንዝር ሙሉ ኮንክሪት! ጋሽ ተካልኝ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

"እኔ ከላይ ነው ያስቀመጥኩት" አለች እትዬ የሻረግ። "የባሌን የማጭድ መሳያ ድንጋይ። ከላይ ከላዩ፣ ሰው ሲሻገርበት እንዲረግጠው።"

ልስቅ ወይስ ልጮህ አላወቅሁም። ሰዎቹ ቢሙን ያከበዱት በፍቅር ነው። በወረቀት ስምንት፣ በበረከት አሥር!

ዓርብ

ጠዋት ኢንጂነር ብሩክ ከፒካፑ ሲወርድ መሪጌታ፣ እትዬ የሻረግና ግማሹ ሰበካ ቢሙ ዙሪያ ቆመው ጠበቁት። ሁሉንም ነገሩት። አልደበቁም፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የነገሩት። እትዬ የሻረግ መዶሻ ይዛ መጥታለች።

"ድንጋዩን ያስቀመጥኩት ሰው እንዲሻገርበት እንጂ ሰው እንዲጎዳበት አይደለም። ከኔው ጀምሩ፣ ፍለጡት" አለች።

ይፈለጥ፣ አይፈለጥ፣ ትልቅ ክሬን ይጠበቅ፣ እኔ አላውቅም። ኢንጂነር የሚቀጠረው ለዚህ ይመስለኝ ነበር።

"ኢንጂነር፣ ቢሙን ለካው በቃ። ሜትሩ ኪስህ ውስጥ ነው" አልኩት።

"ዲዛይኑ ላይ ልኩ አለ።"

"ዲዛይኑን አይደለም የምናነሳው! እዚህ የተጋደመውን ነው!"

"ስማ፣ እሑድ እንግዶች ይመጣሉ። ከዞን፣ ከክልል። አንድ ቢም ወንዙ ላይ ተጋድሞ መታየት አለበት። ቲሸርቱ ታትሟል።"

"ቲሸርቱ ነው እንዴ ቢሙን የሚሸከመው?"

ሕዝቡ ሳቀ። እዚህ ላይ ሳልሳሳት አልቀረሁም፤ ሰው ፊት የተሳቀበት አለቃ ከዚያ በኋላ አይሰማም። መነጽሩን አስተካከለና ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ።

"መሣሪያው ይኑር። ፎቶ ላይ መታየት አለበት። ግን ጭነት አይያዝ። ሰንሰለቱን በቀጥታ መንጠቆው ላይ አድርገው፣ መሣሪያውን ከጎን እሰረው።"

ገባችሁ? ሚዛኑ ይንጠለጠላል፣ ግን ምንም አልተሸከመም። ምንም ካልተሸከመ ዜሮ ያነባል። ዜሮ አረንጓዴ ነው። ዓለም ቢገለበጥ አረንጓዴ ነው።

"አላስርም" አልኩ።

"እንግዲያው ዕቃህን ሰብስብ። ተባረሃል።"

ሰንሰለቱን መንጠቆው ላይ አደረገና መሣሪያውንም ራሱ አሰረው። ፌሮ በምናስርባት ቀጭን ጥቁር ሽቦ። ሽቦ ስለሌለው አላምነውም ያለውን መሣሪያ በሽቦ ጠፍንጎ አሰረው!

ወደ ጋቢናው ሮጥኩ። ጋሽ ተካልኝ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ ውረድ።"

"ተወኝ ልጄ።"

"ስንዝር እኮ ነው! በጆሮህ ሰምተሃል!"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሃያ ዓመት እሺ ያለ አፍ ዛሬ ከየት አምጥቶ እምቢ ይላል? አንተ ወጣት ነህ፣ ተባረህ ሌላ ቦታ ትገባለህ። እኔን በዚህ ሆድ ማን ይቀጥረኛል? በቀስታ አነሳዋለሁ። እምቢ ካለኝ እለቀዋለሁ።" ከዚያ ደግሞ ሊያስቀኝ ፈልጎ፣ "ሚስቴ ከጠየቀችህ ድንቹን እንዳትነግራት" አለኝ።

አልሳቅሁም።

መሪጌታ ከሁላችንም ቀድመው ገብቷቸዋል። መቋሚያቸውን ወዲያና ወዲህ እያወናጨፉ፣ "ወደ ላይ! ወደ ላይ ውጡ! ከዚህ ፈቀቅ!" እያሉ ሕዝቡን ከወንዙ ዳር ነዱት። አንድም ሰው ሥሩ አልቀረም። የዚያን ቀን የሥራ ቦታ ደኅንነት የሚባለውን ሥራ የሠራ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ቢሙ ተነሳ። አረንጓዴ። ክሬኑ ወደ ወንዙ ዞረ። አረንጓዴ። ክንዱ መርዘም ጀመረ። የትናንቱ ዝናብ ያራሰው አፈር በወንዙ በኩል ያለውን የክሬኑን መቆሚያ እግር ዋጠው፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ እግሮች ከጣውላቸው ላይ ተነሱ። እጆቼን ከራሴ በላይ አጣምሬ "ቁም!" ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ተካልኝ አየኝ። ሊለቀው ሞከረ፤ ረፈደ። ክሬኑ በጎኑ ወደቀ። ቢሙ ከነበረከቱ ወንዝ ገባ።

ጋቢናው ተጨራምቷል። ጋሽ ተካልኝ ውስጡ ነው፣ ቀኝ እግሩ ተይዟል። ማያዋ አልተሰበረችም። አረንጓዴ።

ኢንጂነር ብሩክ ፒካፑ ውስጥ ገብቶ ሄደ። "ኔትወርክ ፍለጋ" ነው አሉ። ሌላ መኪና የለም። ገበሬዎቹ ብረቱን በዲጂኖ ፈልቅቀው አወጡት፣ ከእትዬ የሻረግ ጣሪያ ሁለት እንጨት መዘው ቃሬዛ ሠሩ፣ የደብረ ታቦሩን ካፖርት አለበስነውና ዳገቱን ወደ ወገዳ ተያያዙት። አራት አራት ሆነው እየተቀያየሩ። ለትከሻው ይሻማሉ። "አሁን እኔ ነኝ! አንተ ቅድም ያዝክ!" እያሉ ይጣላሉ። ከቃሬዛው ላይ ጋሽ ተካልኝ በቀጭን ድምፅ፣ "አይጣሉ በላቸው፣ ሁሉንም የሚያዳርስ ሥጋ አለኝ" አለኝ። በዚያ ዳገት ላይ ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ወገዳ ጤና ጣቢያ የቻሉትን አድርገው፣ ደሙን አቁመው፣ በጠዋት ወደ እስቴ ላኩን። የእስቴዋ ከተማ መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ሁለት ነርሶች ምሳቸውን ትተው ወጡ። እኔን አንድ የባጃጅ ልጅ ደም የነካ ልብሴን አይቶ ቤቱ ወስዶ አስታጠበኝ፣ የራሱን ሸሚዝ ሰጠኝ። እህቱ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀመጠች። "አልሞተም" ስላት "ተመስገን" ብላ ተነሳችና ዶሮ ወጥ አቀረበች። ከዚያ ደብረ ታቦር። ከዚያ ባህር ዳር። ሐኪሞቹ ብዙ ለፉ። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች አልተረፈም።

ከተመለስን በኋላ

እሑድ ምረቃው ቀርቷል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልቀረም! እትዬ የሻረግ በሰው ስልክ ደውላ ነገረችኝ። እንግዶቹ መጡ፣ ድንኳኑ ሞላ፣ ቲሸርቱ ተለበሰ። የሚመረቅ ስለጠፋ የመሠረት ድንጋይ አስቀምጠው፣ አጨብጭበው ሄዱ። ክሬናችን ከበስተጀርባቸው በጎኑ ተኝቷል፤ ፎቶው ላይ እንዳይታይ ባነር ጋርደውበታል አለችኝ። "ድንጋይማ እኛም አስቀምጠን ነበር" አለችና ስልኩን ዘጋች። ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞልቷል። ሰዉ አሁንም እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚሻገረው።

ድርጅቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ጽፎ ጨረሰ። መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ ማያዋ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ነበረች፣ ስለዚህ ጥፋቱ የነጂው ነው። እኔ ለመመስከር ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ ወረቀት አገላብጣ፣ "አንተ አደጋው ሲደርስ ከሥራ ተሰናብተሃል፤ በቦታው አልነበርክም" አለችኝ። በቦታው አልነበርኩም! ከአሥር ደቂቃ በፊት ስላባረሩኝ ዓይኔም አብሮ ተባረረ። ኢንጂነር ብሩክ ሌላ ሳይት ተመድቧል፤ እድገት ነው ይላሉ።

ጋሽ ተካልኝ ቤት ትናንት ሄጄ ነበር። አንድ እግር ጫማ በር ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ እጁን ይዛ "ለምን እምቢ አላልክም?" ትለዋለች። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በየቀኑ ነው የምትጠይቀው። መመለስ ያለበት ግን እሱ አይመስለኝም።

እና እናንተ ኮሚቴዎች፣ አንተም ባለ መነጽሩ፣ ብረቱን እንደ ክርስትና ልጅ ያቀፍከውም አለቃ፣ ለእኔ አትመልሱልኝ፣ እኔ የተባረርኩ ሰው ነኝ። ለእሷ መልሱላት። ያን ቀን ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠው ተካልኝ ሳይሆን ከእናንተ የአንዳችሁ አባት ቢሆን ኖሮ፣ ያን መሣሪያ ከጭነቱ ላይ ታስፈቱት ነበር?